በበር ላይ የሚፈረም ወረቀትና በወለል ላይ የሚወድቅ ሰው

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋውን ትቶ ቆላውን በያዘ ጊዜ፣ ከጠረፉ ሳይደርስ አስቀድሞ ሸሕዲን ያገኛል። ይህች ከተማ ገንዳ ውሃ ተብላም ትጠራለች፤ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማም እርሷ ናት። አገሩ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው፤ ሙቀቱም በመጋቢትና በሚያዝያ እጅግ የበረታ ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚኖር ሰው ቤቱን ለማቀዝቀዝ አንድ ቀላል ዘዴ አለው፤ ይኸውም በወለሉ ላይ ውሃ መርጨት ነው። በአፈር ወለል ላይ የተረጨ ውሃ ወዲያው ይመጠጣል፤ አቧራውንም ያስተኛል። ሴራሚክ በተነጠፈበት ወይም ሲሚንቶ በተለሰነበት ወለል ላይ የተረጨ ግን እዚያው ተኝቶ ይቆያል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንጽፈው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ከተኛው ውሃ ነው።

የሰውነት ማጠንከሪያ ቤት፣ በተለምዶ ጂም ቤት የሚባለው፣ ከአዲስ አበባ አልፎ በየአውራጃው ከተሞች መከፈት ከጀመረ ቆይቶአል። ቀኑን ሁሉ ተቀምጦ የሚውል ጸሐፊ፣ የባንክና የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ነጋዴውም ጭምር ወደዚያ ይሄዳል። ሐኪምም የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትን ሰው «ሰውነትህን አንቀሳቅስ» እያለ ይመክረዋል። ነገሩ መልካም ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ወደ አንዳንዱ ቤት የሚገባ ሰው የወሩን ዋጋ ከከፈለ በኋላ አንድ ወረቀት ይቀርብለታል፤ በወረቀቱም ላይ «በዚህ ቤት ውስጥ ለሚደርስብኝ ማናቸውም ጉዳት ባለቤቱን አልጠይቅም» የሚል ቃል ተጽፎበታል። ወረቀት የማያስፈርመውም ቤት ይህንኑ ቃል በግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ይህ ማስታወቂያ «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» እየተባለ በየሆቴሉና በየመታጠቢያ ቤቱ ለተሰቀለው ሰሌዳ ታናሽ ወንድሙ ነው። ሁለቱንም የሚጽፋቸው ሰው አንድ ነገር ያምናል፤ ይኸውም ኃላፊነት በቀለም ሊፋቅ ይቻላል ብሎ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እናቁም። በሸሕዲ በሰሊጥ መጋዘን በሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት የሚሆን አንድ ሰው አለ እንበል። እናቱንና ሦስት ታናናሾቹን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጣ ወደ ጂም ቤት ይሄዳል። አንድ ቀን የቤቱ ሠራተኛ ሙቀቱን ለማብረድ ወለሉን በውሃ ይረጨዋል፤ ሳይወለውለውም ይሄዳል። ያም ሰው ከመሮጫው ማሽን ወርዶ ፎጣውን ለማንሣት ሲራመድ እግሩ ይከዳዋል፤ በዳሌውም ላይ ይወድቃል። በማግስቱ የቤቱ ባለቤት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው ይመጣል፤ እናቲቱንም «እናቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ፤ እኔ ግን ምን ላድርግ፤ ልጅዎ እኮ አስቀድሞ ፈርሞአል» ይላቸዋል። እናቲቱ ፊርማ የሚባለውን ነገር ስለሚፈሩ ዝም ይላሉ። ልጁም የፈረመውን ስላላነበበ ዝም ይላል። የባለቤቱ ቃል እውነት መሆኑን ግን ማንም አይመረምርም።

እኛ እንመርምረው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከውል ውጭ ስለሚሆን ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በቁጥር 2028 ላይ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን መካስ እንዳለበት ይደነግጋል። ጥፋት ማለትም አስቦ ክፉ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ ቸልተኝነትም ጥፋት ነው። ማድረግ ብቻም ሳይሆን ማድረግ የሚገባውን መተው ጥፋት ይሆናል። ውሃ መርጨት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሰው በሚመላለስበት በለሰለሰ ወለል ላይ ረጭቶ ሳይወለውሉና ሳያስጠነቅቁ መሄድ ግን ጥፋት ነው ቢባል የሚከራከር ዳኛ የሚገኝ አይመስለንም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ መወልወል ግን ይቻላል። ውሃውን የረጨው ሠራተኛ ቢሆንም፣ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃልና፣ ባለቤቱ «እኔ አልነበርሁም» በማለት አያመልጥም።

ወረቀቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይኸው ሕግ በቁጥር 1887 ላይ ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን በውል ለማጥበብ እንዲችሉ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን ወሰን አለው። የተፈቀደው «ጥፋት ካላደረግሁ በቀር ኃላፊ አልሆንም» ማለት ነው። «ጥፋት ባደርግም አልጠየቅም» ለማለት ግን በዚህ ቁጥር ውስጥ ፈቃድ አናገኝም። ስለዚህ በምሳሌያችን ያለው ሰው የፈረመው ወረቀት አንዳንድ ነገር ይሠራል፤ ለምሳሌ ማንም ሳያጠፋ ለሚደርስ አደጋ ባለቤቱን ሊጠብቀው ይችላል። ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም። በግድግዳ ላይ የተለጠፈውማ ከዚህም ይደክማል፤ ገቢው አይቶ እሺ ማለቱን የሚያስረዳ ነገር የለምና።

ስለ ፊርማም አንድ ነገር እንጨምር። በሰሊጥ ማረሚያና ማጨጃ ጊዜ ወደ መተማ ቆላ ከልዩ ልዩ አገር ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል፤ ከእነርሱም መካከል ፊደል ያልቆጠረ አለ። በአረፍት ቀኑ ወጣቶቹን ተከትሎ ክብደት ለማንሣት የሚገባ ቢኖር ጣቱን ቀለም ነክሮ ማኅተም ያደርጋል። ሕጉ ግን በቁጥር 1728 ላይ ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር በጣቱ ያደረገው ምልክት በውል አዋዋይ ወይም በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም ይላል። በጂም ቤት በር ላይ ዳኛ ቆሞ አይገኝም። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ በራሱ የፈረመውም እንደዚሁ ሊፈርስ የሚችል ነው።

እንዲህ ስንል ግን በስፖርት ቤት ውስጥ የተጎዳ ሁሉ ካሣ ያገኛል ማለታችን አይደለም። ሕጉ በቁጥር 2068 ላይ ለስፖርት ልዩ ፍርድ አቆሞአል። በአንድ ጨዋታ አብረው ያሉ ሰዎች አንዱ ሌላውን ቢጎዳ፣ ተንኮል ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ መጣስ ከሌለበት በቀር፣ ጎጂው አይጠየቅም። በቦክስ አፍንጫውን የተመታ፣ በእግር ኳስ ቁርጭምጭሚቱን የተረገጠ ሰው ከጓደኛው ጋር ችሎት ቢቆም ይህ ቁጥር ይመለስበታል። የወደቀውን ሰውዬ ግን የጣለው ጓደኛው አይደለም፤ ወለሉ ነው። ወለል ደግሞ ስፖርተኛ አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው በእንዲህ ያለ ቤት ሲጎዳ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ጣለው» የሚለው ነው፤ ሕጉ መንገዱን የሚለውጠው በዚህ ላይ ነውና።

ደግሞም የቤት ነገር አለ። በቁጥር 2077 የአንድ ሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይቻል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ደረጃው ተሰብሮ፣ ጣራው ተንዶ ወይም የተነቀለ ንጣፍ አደናቅፎት የወደቀ ሰው የባለቤቱን ጥፋት ለማስረዳት አይደክምም። በወለል ላይ ስለቀረ ውሃ ግን ይህ ቁጥር ይሠራል አይሠራም ብሎ ጠበቃ ሊከራከር ይችላል፤ ውሃው የሕንፃው ክፍል አይደለምና። በእኛ ግምት በውሃ ጉዳይ የሚሻለው በጥፋት በኩል መክሰስ ነው። በከተሞቻችን ብዙው ጂም ቤት ተከራይ ነው፤ ስለዚህ የሕንፃው ባለቤትና የጂሙ ባለቤት ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሳሽ አንዱን ብቻ ከሶ «እኔ አይደለሁም፤ እርሱ ነው» ተብሎ ቢመለስ የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ ነው።

ባለቤቱም የሚመልሰው አያጣም። «ጫማው የለሰለሰ ነበር፤ በስልኩ እየተነጋገረ ይራመድ ነበር፤ ውሃውን አይቶት ነበር» ሊል ይችላል፤ ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። እንደዚህ በሆነ ጊዜ የእኛ ሕግ በቁጥር 2098 መካከለኛ መንገድ ይዞአል፤ ጉዳቱ በከፊል በተጎጂው ጥፋት የመጣ እንደ ሆነ ካሣው ይቀነሳል እንጂ ፈጽሞ አይቀርም። አንባቢ ይህን እንደ ተራ ነገር እንዳያልፈው፣ በሌላ አገር የሚሆነውን ጥቂት እንመልከት።

በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ድልድዩን የተሻገረ ሰው ወደ ሌላ መንግሥትና ወደ ሌላ ሕግ እንደሚገባ የጠረፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካም ፖቶማክ የሚባለውን ወንዝ የተሻገረ ሰው፣ መንግሥቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ስለዚሁ ስለ ወረቀቱ ጉዳይ ሕግ ይለወጥበታል። በወንዙ ወዲህና ወዲያ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለውና በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ በሚባለው ከተማ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ አስቀድሞ የተፈረመ «አልጠይቅም» የሚል ወረቀት በአካል ጉዳት ላይ ዋጋ የለውም። የዚያ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1890 ይህን ወሰነ፤ በ1992ም በዋና፣ በብስክሌትና በሩጫ ውድድር ላይ ወደ ሐይቅ ሲገባ ራሱን ተመትቶ ሰውነቱ በደነዘዘ ሰው ጉዳይ ደገመው። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ይጸናል። በ2000 በጂም ቤት ማሽን ትከሻዋ የተጎዳ ሴት ያቀረበችውን ክስ ፍርድ ቤቱ በፈረመችው ወረቀት ምክንያት ዘጋው። በ2013 ደግሞ በገበያ አዳራሽ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ወድቆ በራሱ ላይ ለተጎዳ ሕፃን አባት አስቀድሞ የፈረመው ወረቀት ይጸናል ተብሎ ተወሰነ። አባት ለልጁ የፈረመው ወረቀት ልጁን ካሣ ማስከልከሉ ለእኛ በቀላሉ የሚዋጥ አይደለም፤ ነገር ግን የአገሩ ፍርድ ነው። በሁለቱም ግዛቶች ተጎጂው በጥቂት ስንኳ አጥፍቶ ከተገኘ እንደ ደንቡ ምንም አያገኝም፤ የእኛን ቁጥር 2098 አስታውሱ ያልነው ስለዚህ ነው። እንግሊዝ አገር ከ1977 ጀምሮ ነጋዴ በቸልተኝነቱ ለሚመጣ ሞትና የአካል ጉዳት በጽሑፍ ከኃላፊነት ሊያመልጥ እንደማይችል ደንግጋለች። በኒውዮርክ ሕግም ዋጋ እየተከፈለ የሚገባባቸው የጂምናስቲክና የዋና ቤቶች እንዲህ ያለ ወረቀት ቢያስፈርሙ ዋጋ የለውም። ዘመዶቻችሁ በባሕር ማዶ ያሉ አንባቢዎች ይህን ብትጽፉላቸው ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

ወደ ሸሕዲ እንመለስ። የሚዛኑ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣው በወረቀቱ አይደለም ብለናል። ታዲያ የሚያጣው በምንድር ነው? ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ሰውም የማያስብበት ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ የሚያጠፋው ማስረጃውን ነው። በወደቀበት ሰዓት ጓደኞቹ አንሥተው ወደ ቤቱ ይወስዱታል፤ ቤተ ሰቡም ወጌሻ ያስጠሩለታል። ወጌሻን አንንቅም፤ የእጁ ልማድ ብዙ ሰው አቁሞአል። ነገር ግን ወጌሻ ወረቀት አይጽፍም። ከወር በኋላ ዳሌው አልድን ብሎ ወደ ጎንደር ሆስፒታል በተላከ ጊዜ ሐኪሙ በመዝገቡ የሚጽፈው ያየበትን ቀን እንጂ የወደቀበትን ቀን አይደለም። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ከእኔ ዘንድ ከወጣ በኋላ በሞተር ብስክሌት ወድቆ እንደ ሆነ ማን ያውቃል» ቢል የሚመልሰው ምስክር ያስፈልጋል፤ ከምስክሮቹም አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ሁመራ ሄዶአል። ስለዚህ የተጎዳ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ቀርቦ የሆነውን ተናግሮ ማስመዝገብ፣ ያዩትን ሰዎች ስም መያዝ፣ ቢቻልም ወለሉን እንዳለ ሳይወለወል በስልክ ፎቶግራፍ ማስነሣት ይገባዋል። የፈረመበትንም ወረቀት ግልባጭ ይጠይቅ። ባለቤቱ ለመስጠት ቢያንገራግር ያንኑ ማንገራገሩን ምስክር ይስማው።

ሁለተኛው የሚጠፋው ጊዜ ነው። በቁጥር 2143 የጉዳት ካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱን ያደረሰው ሥራ በወንጀለኛ መቅጫ ረዘም ያለ ጊዜ የተወሰነለት ወንጀል ከሆነ ያ ይከተላል፤ በቸልተኝነት ሰውን መጉዳትም በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 559 የሚያስቀጣ መሆኑ የታወቀ ነው። በእኛ አገር ልማድ ግን እንዲህ ያለ ነገር ወደ ችሎት ሳይሆን ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ፤ «ከፋሲካ በኋላ» ይባላል፤ ከዚያም «ሰሊጡ ይታጨድና» ይባላል፤ ባለቤቱም በመካከሉ ለመድኃኒት መግዣ ጥቂት ብር ይልካል። እርቅ መልካም ነው፤ በፍትሐ ብሔሩም ውስጥ ቦታ አለው። ነገር ግን ሽማግሌ መቀመጡ ብቻ የ2 ዓመቱን ቁጥር ያቆማል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። እርቁ ከተፈጸመ በጽሑፍ ይሁን፤ ካልተፈጸመ ክሱ ጊዜው ሳያልፍ በመዝገብ ይክፈት፤ ሽማግሌውም ከዚያ በኋላ ሊቀመጥ ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው፤ እርሱም እፍረት ነው። ሴቶች «እግዚአብሔር ያመጣው ነው፤ ሰውን አንክሰስ» ይላሉ፤ ወንዶችም በወለል ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ መባልን እንደ ነውር ያዩታል። በጦር ሜዳ የወደቀ ይወደሳል፤ በጂም ቤት የወደቀ ይሣቅበታል። ስለዚህ ሰውዬው ለጠያቂዎቹ «ክብደት ሳነሣ ነው» ይላቸዋል፤ ይህችንም ቃል ባለቤቱ በኋላ በምስክር ያቀርብበታል። ለእፍረት የተነገረ ትንሽ ውሸት ሙሉውን ካሣ ሲበላ ለማየት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም።

ካሣውም የሚታሰበው እንዴት ነው ቢሉ፣ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የመድኃኒት፣ የሆስፒታልና የመንገድ ወጪ ብቻ አይደለም፤ በአልጋ ላይ ሳለ የቀረበት ደሞዝ አለ፤ ወደ ፊትም መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳት በቁጥር 2092 አስቀድሞ ይታሰባል። የሚዛን ሠራተኛ ቀኑን ቆሞ የሚውል ነውና፣ ዳሌው ዳግመኛ እንደማያስቆመው ሐኪም ከመሰከረ ዳኛው ይህን ሊመዝንለት ይገባል። ልኩ በትክክል የማይታወቅም እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ እንዲቈርጠው ሕጉ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለ ኀሊና ጉዳት ግን ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1000 ብር እንዳያልፍ ወስኖአል። በ1952 ዓ.ም. አንድ ሺህ ብር ከባድ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ገንዘቡ ረክሶ ቁጥሩ እንዳለ ቀርቶአል። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

የጂም ቤት ባለቤቶችንም ጠላት አናድርጋቸው። ብዙዎቹ በብድር ማሽን ገዝተው የሚደክሙ ወጣቶች ናቸው፤ የሚያስፈርሙትንም ወረቀት ከሌላ ቤት ገልብጠው እንጂ መርምረው አልጻፉትም። እኛ ብንጠየቅ ወረቀቱ ይቅር አንልም። ወረቀቱ ገቢውን «የልብ ሕመም አለብህ ወይ? ከዚህ በፊት ተሰብረህ ታውቃለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅበት፣ ማሽኑም እንዴት እንደሚያዝ ቢያስረዳበት፣ ባለቤቱን ከማንኛውም «አልጠይቅም» ይልቅ በችሎት ይረዳዋል፤ መጠንቀቁን ያሳያልና። ውሃ የሚረጭበትንም ሰዓት ሰው ከመግባቱ በፊት ቢያደርገው፣ መወልወያውንም ከማሽኖቹ አጠገብ ቢያቆመው፣ ለዚህ ጠበቃ አያስፈልገውም።

በምሳሌያችን ያነሣነው ሰው ግን አሁንም በአልጋ ላይ ነው፤ እናቱም የቤቱን ገንዘብ ቆጥረው ለዳኝነት የሚከፈል እንደሌለ አውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በደኃ ደንብ ክሱን ሊያቀርብ እንደሚችል ይናገራል። ለዚህም ድኅነቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ይዞ ከክሱ ጋር ለፍርድ ቤቱ ማቅረብ ነው። የወደቀበት ቀን መጋቢት 12 ከሆነ ከዚያ ቀን አንሥቶ ሁለተኛው ዓመት የሚሞላበትን ዕለት በቤቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ያስምርበት፤ አቤቱታውም ከዚያ ቀን ብዙ ቀድሞ በመዝገብ ቤት ይግባ።